የእናት ጃርት ጣት

አዳራሹ ሳቀ። የሳቀው አንድ ሁለት ሰው አይደለም፤ ከፊት ወንበር እስከ ሰገነቱ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ያልሳቀችው እናትየው ብቻ ናት። መድረኩ ላይ ከቆመችው ጃርት ጣት ዓይኗን መንቀል አቅቷት ነበር።

ጃርቷ የገዛ ልጇ ናት። ጀርባዋ ላይ ከገለባ የተሠራ እሾህ ተሸክማ፣ ግልገሏን በአንድ እጇ ይዛ፣ መንታ መንገድ ላይ ከተተከለ ሰሌዳ ፊት ቆማለች። የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ከፊደሎቹ ሥር አስጠግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ትሻገራለች። ትሳሳታለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ጣቷ ደግሞ ቀጥ አላለም፤ ከመሃሉ ጎበጥ ብሏል።

እናትየው በጨለማው ውስጥ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ሸፈነችው። የእሷ አመልካች ጣት ልብስ የምትተኩስበት ላውንደሪ ካውያ ካቃጠለው ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

«ወይ ጉድ፣ ሆዴን ያዙልኝ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዋ፣ እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች። «ልጅሽ እኮ ሰው ትጨርሳለች። ይቺን ነገር ከየት አመጣቻት?»

«እንጃ» አለች እናትየው።

ባልደረባዋ አታውቅም። ላውንደሪው ውስጥ ማንም አያውቅም። እናትየው ከሥራ ስትወጣ ወደ ማታ ትምህርት እንደምትሄድ ተናግራ አታውቅም፤ የት ነሽ ሲሏት «እህቴ ጋ» ትላለች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ከፍታ፣ በጎባጣ ጣቷ ፊደል ስትከተል ያያት ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነው። እሷም አሁን መድረክ ላይ ናት።

ትርኢቱ የተወሰደበት ፊልም ቤታቸው የገባው ልጅቷ ገና አፏን ስትፈታ ነበር። የካርቱን ፊልም ነው፤ አንዲት ጃርት ግልገሏን ይዛ የወንዝ ምንጭ ፍለጋ የምትጓዝበት። ቋንቋው የባዕድ፣ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ የሚያልፍ። ያ ጽሑፍ ለእናትየው የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ልጅቷ «ምን አለች እማዬ?» ስትላት ታዲያ ዝም አትልም፤ የጃርቷን ዓይን አይታ፣ ለዚያ ዓይን የሚስማማ ቃል ከራሷ ታወጣለች። መንታ መንገዱ ላይ ጃርቷ ሰሌዳውን ቀና ብላ ታየዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ብላ ወደ ግራ ትታጠፋለች። «‹አይዞሽ፣ መንገዱ ያውቀናል› አለቻት» ትላለች እናትየው። ዲስኩ እስኪጫጫር አዩት። ልጅቷ ስትታመም አዩት፤ አባቷ ጥሏቸው የወጣ ቀን እንኳ አዩት።

ዛሬ ቀሚሷን ተኩሳ የመጣችው ያቺን ቃል በልጇ አፍ ልትሰማ ነበር። ቃሏ አልመጣችም። በምትኩ ሙዚቃው አምባረቀ፤ አይጦች ሰሌዳውን ከበው ጨፈሩ፤ ጃርቷም «ሀ ትሁን ለ፣ ማን ያውቃል» እያለች ዘፈነች፤ ሰዉም በጭብጨባ አጀባት። ፊልሙ ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ነፋስና የጃርቷ አፍንጫ ብቻ ነው። ምን ያስጮኻቸዋል? ዝም ቢሉ ምን ይቀርባቸዋል? ንዴት ያዛት። ሰው ሲጣላት ታውቃለች፤ ሲንቃትም ታውቃለች። በጭብጨባ ስትዋረድ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

መጋረጃው ሲዘጋ ሁሉም ብድግ አለ። እሷም ተነሳች፤ እጆቿን ግን ኪሷ ከተተች እንጂ አላጨበጨበችም።

«ውጭ ጠብቂኝ» አለቻት ባልደረባዋን።

የመልበሻ ክፍሉ የማስቲሽና የፓውደር ሽታ አለው። ልጅቷ እሾሁን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቅላለች፤ ፊቷ ግን ገና ጃርት ነው።

«እማዬ። እንዴት ነበር?»

እናትየው በሩን ዘጋች። «ጣቱን ከማን ወሰድሽው?»

የልጅቷ ፈገግታ መሃል ላይ ቀረ። «ካንቺ» አለች። «እንዲያስቅ ብዬ አልነበረም። ልምምድ ላይ እንዲያው መጣብኝ። አዘጋጁ ሳቀና ‹ያዢው፣ እንዳትለቂው› አለኝ።»

«ሲስቁ አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ምን ተሰማሽ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ መስታወቱን አየች። «ደስ አለኝ። ምን ልበልሽ፣ ሰው ሲስቅልኝ ደስ አለኝ።»

ይህ ከሳቁም ባሰ። ብትዋሻት ግን ይቅር የምትላት አይመስላትም።

«‹መንገዱ ያውቀናል›ስ የት ገባ?»

«ብዬው ነበር። አዘጋጁ ፊልሙ ላይ የለም ብሎ አስወጣው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «የለም እኮ፣ እማዬ። ማንበብ የቻልኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። ‹ቶሎ በይ፣ ሊጨልም ነው› ነው የሚለው።»

እናትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ማንበብ ችላም፣ ስንት ጊዜ አብረው እንዳዩት ትዝ አላት። ጉልበቷ ላይ ጋደም ብላ፣ ጽሑፉ ዓይኗ ሥር እያለፈ፣ «ምን አለች እማዬ?» ማለቷን አላቋረጠችም።

«እያነበብሽው ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«ያንቺ ይሻል ነበራ።»

ንዴቷ ለአፍታ የሚቀመጥበት ያጣ መሰለ። ወዲያው ግን ተመልሶ ቆመ።

«ይሻል ከነበረ ለምን አልተሟገትሽለትም? ቃሌን ጥለሽ ጣቴን ወሰድሽ።»

ልጅቷ እሾሁን ከወንበሩ አነሳች። በሩ ተንኳኳና የሆነ ሰው «ልበሱ፣ ሁለተኛው ሊጀመር ነው» ብሎ አለፈ።

«ጣቱን ላውጣው?» አለች ልጅቷ። «አሁን ለአዘጋጁ ልንገረው? ዘፈኑ እኮ በሱ ላይ ነው የተሠራው።»

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች እናትየው እየተነሳች። «እኔ ሲጠይቁኝ ከራሴ ነበር የማወጣው።»

ውጭ ለሁለተኛው ትርኢት የመጣው ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ተሰልፏል። ባልደረባዋ በሩ አጠገብ፣ ሁለቱንም ቦርሳ ይዛ ትጠብቃለች። «ምነው ፊትሽ?» አለቻት። እናትየው አልፋት ወደ ግድግዳው ሄደች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ስትገባ በዓይኗ ገረፍ አድርጋው ነበር ያለፈችው፤ ሰው ፊት ቆማ አንብባ አታውቅም።

ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። ጎባጣውን ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አስጠጋች።

«እ…ና…ት» አለች ድምጿን አውጥታ።

«እናቴ፣ ሰልፉን እኮ አቆሙብን» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አነባለሁ» አለች ሳትዞር።

ከሰልፉ መሃል አንዷ ሳቀች፤ ሌላም ተከተላት። ባልደረባዋ ወደ ሳቁ ዞረች፤ ከዚያ ጣቱን አየች፤ ከጣቱም ቀና ብላ ፊቷን አየች። ቦርሳዎቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው።

«እናት… ጃ…» ተሳሳተች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ጀመረች። «እናት ጃርት።»

ከዚያ ቀጥሎ የልጇ ስም ነው። ከውስጥ ደወል ተደወለ፤ ሰልፉ ገፋ ገፋ አለ። ጣቷ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሥር ቆሟል፤ አላነሳችውም።