ተለዋጭ መንገድ

ፋናዬ ጠዋት ጠዋት ቡራዩ ላይ ሚኒባስ ስትጠብቅ ቆማ ማንቀላፋት ከጀመረች ከራርማለች። ከሃያ ዓመት በላይ በዐቃቤ ሕግነት ሠርታለች። መንግሥት ሲከሰስ መልስ የምትጽፈው፣ ችሎት ቆማም የምትከራከረው እሷ ናት። ሌላው የሸሸው ውስብስብ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ድሮ ይህ ያኮራት ነበር። አሁን አዲስ መዝገብ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ውፍረቱን ነው።

የሱሉልታው መዝገብ እንኳ ቀጭን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ግድም፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ለአንድ ባለሀብት የመጋዘን ቦታ ይሰጣል። ባለሀብቱ ቦታውን ዙሪያውን በቆርቆሮ ያጥራል። አጥሩ የሰፈሩ ሰው ውሃ ወደሚቀዳበት ምንጭ የሚያደርሰውን መንገድ ዘጋው። አዴ ድንቅቱ የሚባሉ አሮጊት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው «ሁከት ይወገድልን» ሲሉ ጽሕፈት ቤቱን ከሰሱ።

ፋናዬ መልሱን ከምሳ በኋላ ቁጭ ብላ ጨረሰችው። አንደኛ፣ ከሳሾቹ በመንገዱ ላይ መብት እንዳላቸው የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረቡም። ሁለተኛ፣ ቦታው የተሰጠው ሕጉን ተከትሎ ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ምንጩ የሚያደርስ ምቹ ተለዋጭ መንገድ አለ። ይህቺን ሦስተኛዋን ያገኘቻት ጽሕፈት ቤቱ ከላከው ካርታ ላይ ነው፤ በአጥሩ ጀርባ የምትዞር አንዲት ቀጭን መስመር። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በሥራ ዘመኗ ስንቴ እንደጻፈች ፈጣሪ ይወቀው።

ዳኛው ግን ቦታውን በዓይኔ ማየት አለብኝ አሉ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ምድሩ አልደረቀም። ፋናዬ በቢሮ ጫማዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ከአጥሩ ሥር ከቆሙት ሰዎች መሃል አንዲት ቀጭን አሮጊት በትራቸውን እየተደገፉ መጡ።

«አካም ቡልተን?» ብለው ሁሉንም በአንድ ላይ እንዴት አደራችሁ አሉ። ከዚያ ወደ ፋናዬ ዞረው፣ «መንግሥት ማለት አንቺ ነሽ?»

«ለዛሬ እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

አዴ ድንቅቱ ከእግር እስከ ራስ አዩዋትና «ደክሞሻል» አሉ።

«በሉ እንግዲህ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ያሉትን መንገድ ያሳዩን» አሉ ዳኛው።

ፋናዬ ካርታውን ዘረጋች፤ አገላብጣ አየችው። በየት በኩል እንደሚጀመር አላወቀችም። ከሳሾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

«በዚህ ነው፣ ልጄ» አሉ አዴ ድንቅቱ፣ በበትራቸው እያመለከቱ።

መንገድ ነው ለማለት ይከብዳል። አጥሩን ታክኮ ይሄድና ገደል ገደል ወደሚል ቦይ ይወርዳል፤ ከቦዩ ማዶ ደግሞ በጭቃ ሽቅብ ይወጣል። ዳኛው ሁለቴ አዳለጣቸው። ቦዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ ፋናዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹ ቀደሙ። አዴ ድንቅቱ ብቻ አብረዋት ቀሩ።

«ውሃ ተሸክመው ነው በዚህ የሚመለሱት?» አለች ፋናዬ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«እኔማ አልችል ብዬ ተውኩት። ጎረቤቶቼ ይቀዱልኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንድም ቀን አጉረምርመውብኝ አያውቁ።»

«ታዲያ ከክርክሩ ምን አስገባዎት? ለእርስዎ ውሃው ይመጣልዎት የለም?»

«ይመጣል። እኔ ግን በእጄ ነው መቅዳት የምፈልገው» አሉ አሮጊቷ። «ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አጣሁ እኮ።»

ፋናዬ እጃቸውን ይዛ ተነሳች።

ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ዳኛው ጫማቸውን በድንጋይ ጠርዝ እየፋቁ ነበር። «ዐቃቤ ሕግ፣ በተለዋጭ መንገዱ ላይ የሚሉት አለ?»

የሚባለውን ታውቀዋለች። መንገዱ ጥገና ይፈልግ ይሆናል እንጂ መኖሩ አልተካደም፤ ጥገናው ደግሞ የዚህ ክስ ጭብጥ አይደለም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ጀግንነት አልተሰማትም፤ ይህን ደግሞ ተሸክማ ወደ ቤቷ ለመግባት አቅም አጣች እንጂ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክሱን የማመን ሥልጣን የለኝም። በሦስተኛ ነጥብ የጻፍኩትን ግን ትቼዋለሁ። መንገዱ ምቹ አይደለም።»

በማግስቱ ያደታ ቢሮው አስጠራት። ያደታ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ሥራ የጀመረው እሷ ሥር ሆኖ ስለነበር ዛሬም እትዬ ይላታል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ጽሕፈት ቤቱ ደውሎ ጮኸብኝ።»

«ለምን እኔ ላይ አይጮህም? ቁጥሬን ስጠው።»

«አይደለም። መንገዱ እንደዚያ መሆኑን ካላወቁ መጀመሪያውኑ ለምን ጻፉት?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ፋናዬ መስኮቱን አየች። «ደክሞኝ ነበር፣ ያደታ» አለች።

ፍርድ ቤቱ አጥሩ ተከፍቶ ማለፊያ በር እንዲወጣለት ወሰነ። ይግባኙን እንድታዘጋጅ ስትጠየቅ «እኔ አልጽፍም» አለች። መዝገቡ ለሌላ ተሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ እሷ ወደ ሰበታ ተዛወረች። ቅጣት ነው ያላት የለም፤ የሰው እጥረት አለ ነው የተባለችው። ከቡራዩ ሰበታ መመላለሱ ቀኗን በላው። ይግባኙ መሰረዙን የሰማችው በወሬ ወሬ፣ ችሎት ደጃፍ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ለልጇ ለሩሃማ እንኳ ሳትነግር ሱሉልታ ሄደች። ቆርቆሮው መሃል ጠባብ በር ወጥቶለታል፤ ዘበኛ አጠገቡ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰዎች ጄሪካን ይዘው፣ አህያ እየነዱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ጥቂት ቆይቶ አዴ ድንቅቱ አንዲት ትንሽ ጄሪካን አንጠልጥለው፣ በየመሃሉ እያረፉ ብቅ አሉ።

«አካም ጅርቱ፣ እናቴ?» ስትል ፋናዬ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ፋያ፣ ደህና ነኝ። የማን ልጅ ነሽ? ለለቅሶ መጥተሽ ነው?»

አላወቋትም። ፋናዬ ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው። «መንገደኛ ነኝ። ልያዝልዎት?» ስትል ወደ ጄሪካኑ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ተይው» አሉ፣ ወደ ደረታቸው ስበው። ደህና ዋይ ብለዋት ወደ ሰፈራቸው አዘገሙ።

ፋናዬ አስፋልቱ ዳር ወጥታ ታክሲ ጠበቀች። ሰኞ ሰበታ ችሎት አለባት፤ መዝገቡን ገና አልከፈተችውም።