የገዳሪፉ እንደራሴ በመርሳ

ውባንቺ በመርሳ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። በ1959 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤቷ ተቀምጣ ሳለ፣ ከወረዳው ሰው ተልኮ ቶሎ ድረሺ አላት። የሱዳን ፓርላማ እንግዶች ወደ አስመራ ሲያልፉ አንደኛው መኪና መርሳ ላይ ተበላሽቷል፤ አስተርጓሚው ደግሞ በፊተኛው መኪና ወልድያ ገብቷል።

ስትደርስ እንግዶቹን የሚያጅቡት የየጁ አውራጃ የፓርላማ እንደራሴ አቶ ፈንታው፣ ነጭ ጀለቢያ ከለበሰ ጎልማሳ ጋር ዋርካ ሥር ተቀምጠው መነጋገር ቢያቅታቸው ዝም ብለው ይሳሳቃሉ። እንግዳው ባቢክር ይባላል፤ ከድንበሩ ማዶ ያሉ የገዳሪፍ ገበሬዎች የመረጡት የፓርላማ እንደራሴ ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል።

ውባንቺ ከሁሉ በፊት የከነከናትን ጠየቀች። "አምባሳደር እያላችሁ እናንተ ለምን መጣችሁ?"

ባቢክር ጥያቄዋን ወደደላት። "አምባሳደሩ የሚነጋገረው ከመንግሥታችሁ ጋር ነው። ድንበር ላይ የሚያርሱት ሰዎች ግን ከብት ሲሻገርባቸው፣ ወሰን ሲያጣላቸው የሚመጡት እኔ ቤት ነው። እዚህስ እንደነሱ ያለው ሰው ለማን አቤት ይላል? ያንን ለማየት መጣሁ።"

ይኸን ወደ አማርኛ ስትመልስ የከበበው ሰው ሁሉ ሰማ። ከግራና መንደር ለገበያ የመጡት ሽማግሌ አቶ ጌትነት ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ንገሪልኝ። እኛም አቤት የምንለው ለኒህ ሰው ነው። የወንዛችንን ድልድይ አሠራለሁ ስላሉ መረጥናቸው። ዘንድሮም ውሃው ሰው ወሰደ። እሳቸውን ያየናቸው ግን ዛሬ ገና ነው።"

አቶ ፈንታው ፊታቸው ጠቆረ። "ይኸን ተይው" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የሰው አገር ሰው ፊት ነን።"

እንግዳው ዓይን ዓይኗን ያያል። ቢሰማ ምን ይል ይሆን የሚለው ሐሳብ ከፍርሃቷ በለጠ። አንድም ሳታስቀር ተረጎመችለት።

ባቢክር እጁን አቶ ፈንታው ጉልበት ላይ አሳረፈ። "የእኔዎቹ የጠየቁኝ የውሃ ጉድጓድ ነው። እስካሁን አላስቆፈርኩላቸውም። ከብቶቻቸው በበጋ ወደ እናንተ የሚሻገሩት ለዚያ ነው፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይኸን አዲስ አበባ ከእንደራሴዎቻችሁ ጋር ለንግግር ስንቀመጥ አልተናገርኩም።"

አቶ ፈንታው ቀና አሉ። "እና በከብቱ ሲጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል?"

"ፖሊስ ይመጣል።"

"ፖሊስማ ያስራል እንጂ መቼ ያስታርቃል?" አሉና፣ የዚሁ የሀብሩ ወረዳ ገበሬና የቆላው ከብት አርቢ በግጦሽ ሲጋጩ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ እንዴት እንደሚቆርጥ ይተርኩለት ጀመር። የረሱትን አቶ ጌትነት ይሞሉላቸዋል። ባቢክር ይጠይቃል፤ ውባንቺም ራሷ ያልገባትን መሃል ላይ እየገባች ትጠይቃለች።

መኪናው ተጠግኖ ሹፌሩ ቢጠራም ቶሎ የሚነሣ አልተገኘ። አቶ ፈንታው ድልድዩን በሚቀጥለው ጉባኤ እንደሚያነሡ ለአቶ ጌትነት በሰው ፊት ቃል ገቡና ወደ ውባንቺ ዞሩ። "ወልድያ ድረስ አብረሽን ነይ። ጨዋታችን ገና አላለቀም።"

በዓመቱ የሁለቱ አገር እንደራሴዎች፣ ባቢክርና አቶ ፈንታውም ጭምር፣ የከብቱን ጠብ እንዲያስታርቁ የድንበሩን ሽማግሌዎች መተማ ላይ ሰብስበው አገናኙ። ውባንቺም ለማስተርጎም ተጠርታ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ግን አስተርጓሚ አላሻቸውም፤ ስንት ዘመን አብረው ሲገበያዩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለምዶታል። እሷ ከእንደራሴዎቹ ጎን ተቀምጣ ስታዳምጥ ዋለች።