የሌለውን የሚያይ አንቲቦዲ

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ አጃን ሱራፎን ስድስት ዓመት ሙሉ የተማመኑበት አንቲቦዲ፣ ከአውራ ጣቴ በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ነው ያለው። ሥራው አንድ ነው፤ የአንጎል ነርቮች ፖታሲየም የሚያሳልፉበትን ፕሮቲን ፈልጎ መያዝ። ካገኘው በምናነሣው ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ካጣው ባዶ ይሆናል። እስቲ ልፈትነው ብዬ፣ ያ ፕሮቲን ጨርሶ ሳይኖራቸው በተወለዱ አራት አይጦች አንጎል ላይ ሞከርኩት። መስመሩ ከሰል መስሎ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ውሸታም!

«ቡሳባ፣ እነዚህን አራቱን ከምስሉ ቁረጪልኝ» አሉ አጃን፤ በእኛ በታይላንድ መምህርን የምንጠራው እንዲህ ነው። «የጥናት ጽሑፋችን ሰኞ ለመጽሔቱ ይላካል።»

«እነሱን ከቆረጥኩ ምን እውነት ቀረ ታዲያ?»

«እጅሽ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተሳሳተ እጅ፣ አሁን ሦስቴ በተከታታይ?»

«ኮንትራትሽ በዚህ ወር እንደሚያልቅ አትርሺ።»

እንዴት እረሳለሁ? ልጄ ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

ዓርብ ዕለት፣ በላቦራቶሪው ለሞቱ እንስሳት በየዓመቱ የምናደርገው ጸሎት ነበር። የቡድሃ መነኮሳት መጥተው ያቀረብንላቸውን ምግብ ከተቀበሉ በኋላ እያንዳንዳችን ስንት እንስሳ እንደተጠቀምንና ምን እንዳስተማሩን እናነባለን። ሰዉ ሁሉ «ብዙ አስተማሩን» ብሎ ቁጭ ይላል። ተራዬ ሲደርስ የፋኩልቲው ዲንም አጃንም ፊት ለፊቴ ነበሩ።

«አራት አይጦች» አልኩ። «ያስተማሩን፣ አንቲቦዲያችን የሌለውን አየሁ እንደሚል ነው። ስድስት ዓመት ስንለካ የኖርነው ምን እንደሆነ አናውቅም።»

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሣች። «ፒ ቡሳባ፣ ታላቅ እህቴ፣ እኔም አምና ይህንኑ መስመር አግኝቼ ነበር። ‹ፊልምሽ ቆሽሿል፣ ጣይው› ተባልኩ።»

መነኮሳቱ ምርቃቱን ጀመሩ። በጎ ሥራችን እንዲደርሳቸው ለሙታኑ ውሃ የማፍሰሻው ጊዜ ነው። አጃን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኮንትራትሽን አላድስም» አሉኝ።

«አያድሱ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እነዚህን አራቱን ግን ከምስሉ ቆርጠው ሁለተኛ አይገድሏቸውም።»

ውሃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰስኩላቸው።