የሐቦባ ሰይዳ በሽታዎች

«አንች ልጅ፣ ያን ብርጭቆ ልጠሽ ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አለች ታይቱ።

ስርጉት ቀና አላለችም። ጓሮው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብላ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የታጠበውንም መልሳ ታጥበዋለች። ጎረቤታቸው ሐቦባ ሰይዳ ከተቀበሩ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። ወንዶቹ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ቁርአን ሲቀሩ፣ ሴቶቹ እቤት ሰሌኑ ላይ ተደርድረው ሲያለቅሱ፣ እሷ ወይ ውሃ ትቀዳለች፣ ወይ ሻይ ታመላልሳለች። አንድም ጊዜ ከሐዘንተኛው ጋር አልተቀመጠችም።

«ስሚኝማ» አለች እናቷ ታይቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኮሌጁ አንዴ ከጠራ አይጠብቅሽም። ሾፌሩ አዛናው ነገ ጠዋት መኪናውን ይዞ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ጋቢና ቦታ ይዤልሻለሁ። መንገዱም ዛሬ ተከፍቷል፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም አልኩሽ፣ እማዬ። እኔ ነርስ አልሆንም።»

ይቺ ልጅ እኮ ነርስነት ነርስነት ስትል ዓመቱን ሙሉ የታይቱን ጆሮ ያደነቆረች ናት! ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፣ ይወጣላታል ብላ ታይቱ ትታት ገባች።

ሐዘን ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት። ውስጥ ሳጂዳ አለች። የሐቦባ አንድያ ልጅ ናት፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አግብታ የምትኖር። ጦርነቱ ኬላ ላይ ሲያጉላላት ውሎ፣ ስትደርስ እናቷ አፈር ለብሰዋል። ከመጣች ጀምሮ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ጎረቤቱ ሁሉ «ስርጉት ናት አብራቸው የነበረችው፣ እሷን ጠይቂ» ይላታል። ስርጉት ደግሞ ሳጂዳ ወደ እሷ ዞር ባለች ቁጥር የሚታጠብ ብርጭቆ አታጣም።

ሐቦባ ማለት በሱዳኖቹ አፍ አያት ነው። መተማ ገበያ ውስጥ ሱዳናውያት የሚከናነቡትን ቶብና ሽቶ ይሸጡ የነበሩትን ሰይዳን ክርስቲያኑም እስላሙም ሐቦባ ነበር የሚላቸው። ኧረ እሳቸውስ! የደንበኛውን አረማመድ፣ የደላላውን ሳል ሳይቀር አስመስለው ገበያውን በሳቅ ሲያፈርሱት የሚውሉ ሴት ነበሩ። መንገድ ተዘግቶ የኮሌጁ ጥሪ የዘገየ ጊዜ፣ ስርጉት አልጋ ላይ ተጋድማ ስልክ ስትጎረጉር አገኟት።

«አንች ነሽ በሽተኛዋ ወይስ ነርሷ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«ጥሪ እየጠበቅሁ ነው፣ ሐቦባ።»

«ተኝተሽ? ተነሽ እባክሽ! መተማ ላይ ነርስ ሆነሽ ዐረብኛ ካልቻልሽ፣ ከካርቱም ሸሽቶ የመጣው ሁሉ ያመመውን በጣቱ እየጠቆመ ሊያስረዳሽ ነው? እኔ አስተምርሻለሁ። አንች ሻይ ታፈያለሽ።»

ትምህርቱም ትምህርት አይመስልም ነበር። ሐቦባ በገመድ በተጠለፈችው አልጋቸው ላይ ጋደም ይሉና በሽተኛ ይሆናሉ። ዛሬ ምጥ የያዛት ሴት፣ ነገ ሆዱ ደርቆበት ሚስቱ ፊት መናገር ያፈረ ነጋዴ፣ ሌላ ቀን ባቄላ አፍንጫው ውስጥ የከተተ ልጅ። ስርጉት ታዲያ «ቢዮጅዒክ ዌን?»፣ የት ነው የሚያምዎት፣ «ሚን ሚቴን?»፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እያለች መጠየቅ አለባት። ከተሳሳተች ሐቦባ ዓይናቸውን ገልብጠው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ይሞታሉ። «ገደልሽኝ! በይ አሁን ለልጄ ደውይና ንገሪያት!» ይላሉ ከሞቱ በኋላ። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ስርጉት ጥሪ መጠበቋን ረስታ የመሸባት ቀን ብዙ ነው።

የመጨረሻው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ሙቀቱ ያፍናል። ሐቦባ ጋደም ብለው ደረታቸውን ይዘዋል።

«ገልቢ» አሉ። ልቤ።

ስርጉት በርጩማውን ስባ፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች።

«ከጠዋት። ደረቴ ላይ ግመል ተኝቷል። ተነሥ ብለው እምቢ አለኝ፤ ግራ እጄንም ረግጦታል።»

ስርጉት በሳቅ ፈረሰች። ሐቦባም ሳቁ፤ ፊታቸው ግን በላብ ተጠምቋል። «ዛሬስ ቻሉበት፣ ሐቦባ!» ብላ አጨበጨበችላቸው። «ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች። ነገ ታክሚኛለሽ» አሏት። ሄደች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሐቦባ ቤት ጩኸት ተሰማ።

«ለምንድን ነው የምትሸሺኝ?»

አሁን ሳጂዳ ጓሮ ወጥታ አጠገቧ ቆማለች። ስርጉት ብርጭቆውን ከእጇ አስቀመጠች። ቢመራትም ሁሉንም ነገረቻት፤ ጨዋታውን፣ ላቡን፣ ማጨብጨቧን።

«ጨዋታ መስሎኝ ነው፣ እትዬ ሳጂዳ። እየነገሩኝ ሳቅሁባቸው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

ሳጂዳ ከጎኗ ቁጢጥ አለች። ከዚያ «ያለችውን በራሷ አፍ ንገሪኝ» አለቻት። ስርጉት በዐረብኛ፣ በሐቦባ ድምፅ፣ ግመሉን ደገመችው። ሳጂዳ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ግን ሳቁ በጣቶቿ መሐል አመለጣት፤ ሳቁንም ለቅሶ ተከተለው።

«ስደውልላት ‹ደኅና ነኝ፣ እግሬ ብቻ አኩርፎኝ ገበያ አልሄድም ብሏል› ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ‹ትንፋሼ ደረጃ ላይ ጥሎኝ ሄደ› ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየሳቅሁ ነው ስልኩን የዘጋሁት። አንች አንድ ቀን ነው የሳቅሽው። እኔ ልጇ ነኝ።»

«ባውቅባቸው ይድኑ ነበር?»

«እንጃ። ምናልባት ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም። አላህ ያውቃል።» ሳጂዳ አፍንጫዋን ጠረገች። «ነገ ግን ትሄጃለሽ። እዚህ አገር ሰው እየቀለደ ነው የሚታመመው፤ ያን የምታውቅ ነርስ ያስፈልገዋል። እናቴ የደከመችበትን ትምህርት ብርጭቆ እያጠብሽ አትጨርሺውም።»

እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። «ጠጋ በሉላት» አለች ሳጂዳ፤ ከራሷ አጠገብ፣ የቤተሰቡ ሰሌን ላይ አስቀመጠቻት። ስርጉት ያን ጊዜ ገና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሳጂዳ የልጅቱን ነጠላ ጫፍ አንሥታ ዓይኖቿን ጠረገችላት፤ በዚያው በረጠበው ጫፍ የራሷንም ጠረገች።