ጉንዳኖቹ የት ሄዱ?

ጉንዳኖቹ የጠፉ ዕለት ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ሐይማኖት ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

አባቷን ሽፈራውን ስኳር ይዞት ቆይቶ ኩላሊቱን ነክቶበታል። ሐኪሙ አዲሱን ክኒን ሲያዝለት እሷም አጠገቡ ነበረች። «ስኳሩን በሽንትዎ ያስወጣዋል፤ ኩላሊትዎም ፋታ ያገኛል» ብሎት ነበር። እውነትም በቀጠሮው ሲመለሱ በሽንቱ ይወጣ የነበረው ፕሮቲን ቀንሷል። «የተጎዳው እያገገመ ነው። ካቋረጡት ግን እጥበት ውስጥ እንዳይገቡ እፈራለሁ» አለ ሐኪሙ።

ጣጣው የመጣው በጉንዳን ነው። ሽፈራው ጠዋት ጠዋት የሚሸናው ጓሮ፣ ፓፓያው ሥር ነው። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ እዚያ የጉንዳን ገበያ ቆመ። እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ አዩና፣ «ውይ ሽፈራው! ብሶብሃል እኮ! ያ ክኒን እየጨረሰህ ነው» አሉ። ሰፈሩ የሚያውቀው ይኼንኑ ነው፤ ሽንት ላይ ጉንዳን ከወጣ ስኳር ነው፣ ከጠፋ ደግሞ ድኗል።

ይኸው ጠፋ።

«ተገላገልኩ!» አለ ሽፈራው፣ ወደ ሽንኩርት ማሳው ሊወርድ ጫማውን እያጠለቀ።

«ክኒኑንስ ዋጥክ?»

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ነሽ? ዋጥኩ አልኩሽ!»

«ታዲያ ጉንዳኖቹን ምን አስቀየማቸው? ስኳሩን የሚያወርድላቸው ክኒኑ አይደል?»

«ሂጂ ከፊቴ፣ ምላሳም!»

ዓይኑ ግን ወደ ራዲዮኑ ሸሸ። ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ሲለፈልፍ የሚውለው ራዲዮ ሰሞኑን ጭጭ ብሏል። አንስታ ብትነቀንቀው ኳ ኳ አለ። ከኋላ ከፈተችው። ባትሪ የለም፤ ክኒን በክኒን ነው።

«የዛሬው ዜና ይኼ ነው?» አለችው።

ሽፈራው አንገቱን ደፋ። «ሰው ፊት አፈርኩ፣ ልጄ። ዘነበችም እንደዚያ ስትል የምሞት መሰለኝ።»

«እትዬ ዘነበች ላቦራቶሪ ከፈቱ እንዴ?»

ከማሸጊያው አንድ ክኒን አውጥታ ከውሃ ጋር ዘረጋችለት። እስኪቀበላት ድረስ እጇን አላጠፈችም። ሽፈራው እጇን አየና ዋጠ።

«አፍህን ክፈት።»

ከፈተ።

«ምላስህንም አንሳ።»

አነሳ።

ሰንበት ብሎ በአንዱ ጠዋት እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ ጮኹ። «ኧረ ሽፈራው! ጉንዳኑ ተመለሰብህ!»

ሐይማኖት ሮጣ ፓፓያው ሥር ተንበረከከች። ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ይተራመሳሉ።

«አዎ እትዬ፣ መጥተዋል» አለች ቀና ብላ። «አሁን እልል ይበሉ!»