የተበደለችው ስትሰግድ

ብርሃኔ ዕድሜዋን ሙሉ የስቅለትን ዕለት ያሳለፈችው ግንባሯን መሬት እያስነካች ነበር። ዘንድሮ ግን ቀኝ ጉልበቷ በፋሻ ታስሮ፣ በደባርቅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሌሎችን ጀርባ ታያለች። ከቡይት ራስ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ የሰጋጆቹን ነጠላ ያርገበግባል።

በደሏን ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። የማርያም ማኅበራቸውን ጽዋ በየወሩ ተረኛዋ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ኅዳር ላይ ጽዋው ጠፋ። ብርሃኔ በሁሉም ፊት ተነሥታ፣ "ለሰብሌ አስረክቤያታለሁ፤ የት እንዳደረሰችው እሷን ጠይቁ" አለች። ጎረቤቷ ሰብሌ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ከማኅበሩም ቀረች። በጥር ብርሃኔ ገብስ ልታወጣ እጇን ወደ ጎታው ብትሰድ፣ ጽዋው በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ወጣ። አይጥ እንዳይነካው ብላ ራሷ ደብቃው፣ ራሷ ረስታዋለች።

ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። ሰብሌም "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለቻት፤ ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰችም። የብርሃኔ የንስሐ አባት መምሬ መልከ ጼዴቅ በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት አዘዙላት። ደስ ብሏት ጀመረች። በአምስተኛው ሳምንት ከዳባት ገበያ ተመልሳ ከመኪና ስትወርድ ወደቀች፤ ጉልበቷም እምቢ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ከልቧ አልወጣም፦ እግዚአብሔር ካሳዋን አልቀበልም ብሎ ፊቱን አዙሮባታል። ስትጸልይ ሰው በሌለበት ቤት ደጃፍ ቆማ የምትጣራ ይመስላታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንባቢው፣ "ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ" አለ፤ "አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?" ሕዝቡ በአንድነት ወደ መሬት ወረደ። ብርሃኔ ብቻ ቀና እንዳለች ቀረች። ቃሉን ስንት ዓመት ሰምታዋለች! ዛሬ ግን የገዛ ልቧ ጩኸት ከሌላ አፍ ሲወጣ ሰማችው። "እሱም እዚህ ደርሷል" አለች በልቧ፤ "እኔ ያለሁበት ቦታ።" ጥቂት ተነፈሰች። ያልተፈጸመው ስግደት ግን አሁንም ከበዳት።

ሲመሽ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡም እየተናዘዘ በወይራው ጀርባውን መታ መታ እየተደረገ የስግደት ትእዛዝ ይቀበል ጀመር። ብርሃኔ በምርኩዝ ቀረበች።

"የቀረሽ ስንት ነው?" አሉ መምሬ።

"ሦስት ሳምንት አለፈኝ፣ አባቴ። ጉልበቴ..."

"ጉልበትሽንማ አየሁት። በፋሻ አብጦ ካንቺ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው።"

"እግዚአብሔር አልቀበልሽም ብሎኝ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

ከኋላዋ፣ "እኔ እሰግድላታለሁ" የሚል ድምፅ መጣ። ሰብሌ ነበረች።

"የተበደልሽው አንቺ ሆነሽ?"

"በዳይዋ ካልቻለች ማን ይስገድ፣ አባቴ? ደግሞ እኔ ልጅ ነኝ፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች።"

"ውሸቷን ነው!" አለች ብርሃኔ ሳታስበው። "እኩዮች ነን፤ ባንድ ዓመት ነው ክርስትና የተነሣነው!"

መምሬ ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው ሁለቱንም በወይራው መታ መታ አደረጓቸው። "ቀኑን ሙሉ ያነበብንላችሁ ይህንኑ ነበር፤ የተበደለው ስለ በዳዩ እንደ ተሰቀለ። ሰብሌ፣ አርባ አንድ ስገጂ። ከቀረው እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ብርሃኔ። አንቺ ቁጠሪላት።"

ሰብሌ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መሬት ወረደች። ብርሃኔ እንባዋ እየቀደማት ትቆጥራለች።

"ዐሥራ ስድስት..."

"ዐሥራ ሰባት ነው! ዛሬም አንዱን ልታጠፊብኝ ነው?"

ብርሃኔ በእንባዋ መካከል ሣቀች፤ አርባ አንድ እስኪሞላም አንድ አልሳተችም። ሰብሌ እያለከለከች አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ብርሃኔ ከግንባሯ ላይ አፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

"የሚመጣው ወር ጽዋ የማን ተራ ነው?" አለች ሰብሌ።

"ያንቺ።"

"እንግዲያው አምጪልኝ። መጀመሪያ ግን ጎታሽን ፈትሺ።"