ሃምሳ የተወለወሉ ጥይቶች

ዓባይነህ አንዷን ጥይት ከፓኬቱ መዝዞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽከረከራት፤ ከዚያ ጣቶቹን አሻሽቶ ተመለከታቸው። ምንም አልነካቸውም። ሁለተኛ አነሣ። ሦስተኛ።

«ወንድም ኃይሉ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰሙ የት ሄደ?»

«የምን ሰም?»

ኃይሉ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ቀና አለ። ሌሊቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሆስፒታል ሲሠራ አድሮ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ልጁን ያኔትን ለዛሬው ውድድር ከቤት አንሥቶ በቀጥታ ወደ አሌክሳንድሪያ የተኩስ ክለብ መምጣቱ ነው። ዓይኖቹ አሸዋ የገባባቸው ያህል ይቆረቁሩታል። ያኔት የተኩስ ጃኬቷን ልታስመረምር ወደ ውስጥ ገብታለች።

«እርሳሱ ላይ የነበረው ነዋ። ጣት ላይ የሚያጣብቀው። ማን ነው እንዲህ እንደ ሠርግ ማንኪያ ያብለጨለጫቸው?»

«እኔ ነኝ፣» አለ ኃይሉ።

ዓባይነህ ጥይቷን ወደ ቦታዋ መለሳት። እሑድ እሑድ ሀያትስቪል ቸርች ውስጥ ከኃይሉ ጎን የሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ክለብ የተኳሾቹን ደኅንነት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። አሁን ግን ከንፈሩን ነከሰ።

«ሰሙ የተቀባው ለውበት አይደለም። ከሌለ እርሳሱ በርሜሉን እየላሰ ያልፋል፤ የላሰው ደግሞ እዚያው ይቀራል። አምስተኛው፣ አሥረኛው ተኩስ ላይ ቀዳዳዎቹ መበታተን ይጀምራሉ።»

ኃይሉ እጆቹን አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሐኪሞችን መቀስና ቢላዋ ያጠቡ፣ የቀቀሉ፣ የወለወሉ እጆች ናቸው። ቅባት ያለበት ነገር ከእነዚህ እጆች ወጥቶ ወደ ሰው ሄዶ አያውቅም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ በሌለው ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ ከሁለቱ ፓኬቶች የመጀመሪያውን ከፈተ። ጥይቶቹ ጣቱ ላይ ተጣበቁበት። ልጄ በቆሸሸ ነገር አትወዳደርም አለና አንድ በአንድ ወለወላቸው፤ በእያንዳንዷም ላይ «ጌታ ሆይ፣ እጇን አጽናላት» አለ። ሃምሳ ጊዜ።

ኃይሉ የሚያውቀውን ሁሉ በጆሮው ነው የተማረው። እንግሊዝኛውን ከአውቶቡስ፣ የመኪና ጥገናውን ከጎረቤት፣ የጥይቱን ነገር ደግሞ በሥራ ላይ አንድ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ ከሚሰማቸው ሰዎች። ያኔት መተኮስ ከጀመረች ወዲህ የስንቱን ሽማግሌ ተኳሽ ወሬ ሰምቷል። ይህች ትንሽ ጥይት እንደ ትልልቆቹ መሐሏን ሳይሆን ጠርዟን ተመትታ እንደምትተኮስ፣ የሚቀጣጠለው ነገር በጠርዟ ዙሪያ በደንብ ካልተዳረሰ መምቻው ባዶው ቦታ ላይ አርፎ ዝም እንደምትል ያውቃል። ስለ ሰሙ ግን አንዳቸውም አላነሡለትም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል?

አመራረጡ ራሱ አምስት ቅዳሜ ፈጅቶ ነበር። ሰባት ዓይነት ጥይት ገዝተው፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት እየተኮሱ ቀዳዳዎቹን ለኩ። ውዱ ተበታተነ። ርካሹ ሁለቴ ከሸፈ። ዓባይነህ ያንኑ ርካሽ በራሱ ሽጉጥ ሞክሮ አንዱንም ሳይተፋ ጨርሶት ነበር።

«ሽጉጤ እንደኔ ነው፣» አለ ያን ቀን ሆዱን መታ መታ አድርጎ፣ «ያቀረቡለትን ይጎርሳል። የያኔት ጠመንጃ ግን ከሀብታም ቤት የመጣች ምራት ናት፤ ይህን አልበላም፣ ያን አልበላም።»

በስድስተኛው ዓይነት አምስቱ ጥይቶች አንዲት የአሥር ሳንቲም ፍራንክ የምትሸፍናት ቀዳዳ ፈጠሩ። ያኔት ጮኸች። ያው ስም፣ ያው ቀለም ያለው ሌላ ፓኬት ሲሞክሩ ግን እንደዚያ አልሆነም፤ በአንድ ቀን አብረው የተሠሩት፣ የፓኬታቸው ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ብቻ ናቸው ለዚህች ጠመንጃ የሚስማሟት። ያ ቁጥር ያለባቸውን የመጨረሻ ሁለት ፓኬቶች ፎልስ ቸርች በሚባለው ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኟቸው። ሌላ የለም።

«አትንገራት፣» አለ ዓባይነህ። «ያልተነካውን ፓኬት ስጣትና ዝም በል። አሁን ብትነግራት እጇ ይንቀጠቀጣል።»

ኃይሉ አሰበ። ዛሬ በሚመረጠው የክለቡ ቡድን ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ ነው። አምና በአንድ ነጥብ አጥታዋለች። ዝም ቢል ግን፣ ሁለት ፓኬት አለኝ ብላ በማሟሟቂያው እንደ ልማዷ ሠላሳ ትተኩሳለች፤ መሐል ላይ ስትደርስ እጇን ወደነዚህ ወደሚያብለጨልጩት ትሰዳለች።

ያኔት በዚያ ደረቅ ጃኬት ተቀይዳ እግሯን እየከፈተች መጣች።

«አባዬ፣ ፓስ አደረግሁ። ጥይቴስ?»

«ያኔትዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«በዚህ ጃኬት እንዴት ብዬ?»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚኝ።»

ነገራት። ሳያሳጥርም ሳያስረዝምም ነገራት። ልጅቷ መጀመሪያ ዓባይነህን፣ ቀጥላ ፓኬቱን አየች።

«ሁሉንም?»

«አንዱን ፓኬት። ሁለተኛውን ልከፍት ስል እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ታንክ ጎድ ፎር እንቅልፍ፣» አለች ሳትስቅ። «እየጸለይክ ነው አይደል የወለወልካቸው?»

«በእያንዳንዷ።»

«ስለዚህ የተጸለየባቸው የማይሠሩት ናቸው።»

ያኔት ያልተነካውን ፓኬት አነሣች። አርባ ለውድድሩ፣ አሥር ለማሟሟቂያ፤ ሃምሳ ልክ። አንድም ትርፍ የለም።

«አሥር ይበቃኛል እንግዲህ፣» ብላ ወደ መስመሯ ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ኃይሉ የጆሮ መሸፈኛውን አጥልቆ፣ የተወለወለውን ፓኬት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እንቅልፉ ከእግሩ ጀምሮ እንደ ውኃ ይወጣበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ተኩሶቿን በድምፃቸው ቆጠረ። ጥሩዋ ጥይት አጭርና ደረቅ ድምፅ አላት፤ ሰነፏ ትንሽ ትጎተታለች። ያኔት ስትተኩስ ከሌሎቹ መሐል ለይቶ ያውቃታል፤ በሁለት ጥይቶቿ መካከል ረጅም ትንፋሽ አለ። አሥር። ሃያ። ሠላሳ አንደኛዋ ተጎተተች። ሠላሳ ሁለተኛዋ ደህና ናት።

ዓባይነህ ትከሻውን ሲነካው ዓይኑን ገለጠ። ሌሎቹ ጨርሰው ጠመንጃቸውን አስቀምጠዋል። መስመሩ ላይ የቀረችው ያኔት ብቻ ናት፤ አንድ ጥይትም ብቻ ቀርቷታል። ዓባይነህ ሰሌዳውን በአገጩ አሳየው። አሥር ነጥብ ካገኘች ቦታው የእሷ ነው። ዘጠኝ ከሆነ፣ ወዲያ ጥግ ቆማ ጥፍሯን ለምትበላው ልጅ ነው።

ያኔት ተነፈሰች። ምላጩን ሳበች።

ቀጭን የብረት ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ዓባይነህ እጁን አነሣ። ያኔትም ደንቡን ስለምታውቅ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሣ ጠበቀች። ሠላሳ ሰከንድ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ስባ ጥይቷን አወጣች። ፓኬቱ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አባቷን ያየችው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ላይ ያሉትን ሃምሳ የሚያብለጨልጩ ጥይቶች።

ኃይሉ ፓኬቱን ወደ እሷ ሊገፋ እጁ ተንቀሳቀሰ። አቆመው። ክዳኑን ቀስ ብሎ ጫነበትና እጁን አሳረፈበት።

ያኔት የከሸፈችውን ጥይት ወደ ብርሃን አነሣቻት። ጠርዟ ላይ መምቻው ያሳረፈባት ትንሽ ጠባሳ አለ። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጠባሳውን ወደ ታች፣ ያልተመታውን ወገን ወደ ላይ አዞረችና መልሳ አጎረሰቻት።

ኃይሉ ሊጸልይ ፈለገ። ሐሙስ ዕለት ሃምሳ ጊዜ የወጣው ቃል አሁን አንዴ እንኳ አልመጣለትም። የጆሮ መሸፈኛውን ከአንድ ወገን ገለጥ አድርጎ ጆሮውን ብቻ ሰጠ።

መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሰማ። ከዚያም ያን ረጅም ትንፋሽ።